የዓለምን ካርታ በእጅ መሳል ለሕፃናት ምን ያስተምራል? ከጉርድ ሾላ የሚነሣ የትምህርት ንድፍ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ ሕፃናት የዓለምን ካርታ በእጃቸው ሲስሉ የሚያገኙትን ዕውቀት ይመረምራል። መከራከሪያው፣ ከሥራው የሚገኘው ዋነኛ ትምህርት የአገሮችና የዋና ከተሞች ስም ሳይሆን ካርታ የብዙ ውሳኔዎች ውጤት መሆኑን መረዳት ነው የሚል ነው። በመጀመሪያ የሕፃናትን የቦታ ግንዛቤና ሥዕል ለትውስታ ያለውን ጥቅም የሚመለከቱ ጥናቶች ይዳሰሳሉ። ቀጥሎም ከአዲስ አበባ ጉርድ ሾላ አካባቢ የሚነሣ፣ በ648 ካሬዎች የተዋቀረ የክፍል ውስጥ ተግባር ይቀርባል። በመጨረሻም የተግባሩ ገደቦችና ወደፊት ሊጠና የሚገባው ጥያቄ ይመለከታሉ።

ቁልፍ ቃላት፦ የዓለም ካርታ፣ የካርታ ንባብ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት፣ የቦታ ግንዛቤ፣ ጉርድ ሾላ

1. መግቢያ

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የመርካተር ካርታ ቀርቶ የአህጉራትን ስፋት በትክክለኛ ንጽጽር የሚያሳይ ካርታ እንዲተካ የሚጠይቀውን ዘመቻ እንደሚደግፍ አስታወቀ። የመርካተር ካርታ እ.ኤ.አ. በ1569 በጌራርዱስ መርካተር የተዘጋጀ ነው። ዓላማውም መርከበኞች ቋሚ የኮምፓስ አቅጣጫን በቀጥተኛ መስመር እንዲከተሉ ማስቻል ነበር። ይህ ጥቅም የተገኘው ስፋትን በማዛባት ነው፤ የብስ ከምድር ወገብ በራቀ መጠን በካርታው ላይ ይለጠጣል። በመሆኑም 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሰፋው አፍሪካ 2.2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነችው ግሪንላንድ ጋር የምትተካከል መስላ ትታያለች። በእውነቱ ግን 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። በምትኩ እንዲሠራበት የቀረበው ኢኩዋል ኧርዝ የተባለው ካርታ እ.ኤ.አ. በ2018 የተዘጋጀ ሲሆን ስፋትን ይጠብቃል።

የዘመቻው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለመምህር ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታ በሌላ ቢተካ፣ ልጁ የቀድሞው ለምን ስሕተት ይታይበት እንደነበረና አዲሱም ምን እንደሚያዛባ ያውቃልን? አንዱን የታተመ ሥዕል አምኖ ያደገ ልጅ ሌላውን የታተመ ሥዕል በዚያው እምነት ይቀበላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ ካርታን የመጠየቅ ችሎታ የሚገኘው ካርታን ሠርቶ በማየት ነው የሚል ነው።

2. ማየት፣ መገልበጥና መሳል

ዣን ፒያዤና ቤርቤል ኢንሄልደር እ.ኤ.አ. በ1948 በፈረንሳይኛ ባሳተሙት የሕፃናትን የቦታ ግንዛቤ የሚመለከት ሥራ፣ ልጅ አስቀድሞ የሚረዳው ጉርብትናን፣ ቅደም ተከተልን፣ ውስጥንና ውጭን መሆኑን አስረድተዋል። አንድ ነገር ከሌላ ተመልካች አቋም ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ እንዲሁም የሚለካ ርቀትና ማዕዘን የሚገቡት ዘግይተው ነው። ያስቀመጡት የዕድሜ ወሰን በኋላ ተመራማሪዎች ቢተችም፣ ከጉርብትና ወደ ልኬት የሚደረገው ሽግግር ራሱን የቻለ ትምህርት የሚጠይቅ መሆኑ ለመምህር ጠቃሚ ሐሳብ ሆኖ ቆይቷል።

ሁለተኛው ጉዳይ ትውስታ ነው። በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ዋምስ፣ ሜሊሳ ሚድና ሚራ ፈርናንዴዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች በሥዕል የገለጿቸውን ቃላት ደጋግመው ከጻፏቸው ቃላት ይልቅ በተሻለ እንደሚያስታውሱ አሳይተዋል። ያቀረቡት ምክንያትም መሳል የዓይንን፣ የእጅንና የትርጕምን ሥራ በአንድ ጊዜ ማስተባበሩ ነው። ጥናቱ የተደረገው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በቃላት እንጂ በሕፃናትና በካርታ ባለመሆኑ ውጤቱን በቀጥታ ወደ ክፍላችን ማምጣት አይቻልም። ሆኖም አንድ መለያ ነጥብ ይሰጠናል። ስስ ወረቀት በካርታ ላይ አስቀምጦ መስመሩን የሚከተል ተማሪ ዓይኑንና እጁን ያሠራል፤ ስለ መስመሩ ትርጕም ግን እንዲያስብ የሚያስገድደው ነገር የለም። በዚህ ጽሑፍ «መሳል» ሲባል እንዲህ ያለው መገልበጥ አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳይ ከዘመቻው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሳራ ባተርስቢና ዳንኤል ሞንቴሎ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የዓለምን ክፍሎች ስፋት ከአእምሯቸው ሲገምቱ ግምታቸው የመርካተርን መዛባት የሚከተል ሆኖ አልተገኘም። ይህ ግኝት የግድግዳው ካርታ ወደ ልጅ አእምሮ እንዳለ እንደማይገለበጥ ያመለክታል። ስለዚህ የታተመውን ካርታ መለወጥ ብቻውን የልጁን የዓለም ሥዕል ይለውጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

3. ከሰፈር መነሣት

ጉርድ ሾላ የሚለው ስም ራሱ የቦታ ምልክት ነው፤ የተቆረጠ የሾላ ዛፍን ያመለክታል። በአዲስ አበባ መንገድ የሚነገረው በቤት ቁጥር ሳይሆን በእንዲህ ያለ ምልክት ነው። በዚህ አካባቢ የሚያድግ ልጅ መገናኛ፣ ጉርድ ሾላ፣ ሲኤምሲ፣ አያት እያለ ቅደም ተከተሉን ከታክሲ ረዳት ጥሪ ይማራል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህም የምሥራቅ–ምዕራቡ ቀላል ባቡር ይህንኑ ተራ አጽንቶለታል። ይህ የፒያዤና የኢንሄልደር የመጀመሪያ ደረጃ ዕውቀት ነው፤ ልጁ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀጥል ያውቃል፤ ምን ያህል እንደሚራራቅ ግን ገና አልለካም።

አካባቢው ወደ ዓለም የሚያሻግር ድልድይም አለው። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን መቀመጫ ጉርድ ሾላ ነው። ብዙ ልጆች የዓለምን ከተሞች ስም ቀድመው የሚሰሙት ከሩጫ ታሪክ ነው፤ አበበ ቢቂላን ከሮም (እ.ኤ.አ. 1960) እና ከቶኪዮ (1964)፣ ማሞ ወልዴን ከሜክሲኮ ሲቲ (1968)፣ ምሩፅ ይፍጠርን ከሞስኮ (1980)፣ ደራርቱ ቱሉን ከባርሴሎና (1992)፣ ፋጡማ ሮባን ከአትላንታ (1996)፣ ገዛኸኝ አበራን ከሲድኒ (2000) ጋር አያይዘው ያስታውሳሉ። እነዚህ ስሞች በልጁ ዘንድ ታሪክ እንጂ ሥፍራ የላቸውም። ካርታ መሳል ሥፍራ ይሰጣቸዋል።

4. የ648 ካሬዎች ተግባር

ትልቅ የዓለም ካርታን በካሬ እየከፈሉ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የመሳል ሥራ እ.ኤ.አ. በ1988 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ በነበረችው ባርባራ ጆ ዋይት ተጀምሮ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ከዚህ በታች የቀረበው ንድፍ ያንን ሐሳብ ለአንድ መማሪያ ክፍልና ለወረቀት የሚያመቻች ነው።

60 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ወረቀቶች ቁመታቸው ወደ ላይ ሆኖ ጎን ለጎን ሲገጥሙ 180 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገጽ ይሰጣሉ። ምድር 360 ዲግሪ ኬንትሮስና 180 ዲግሪ ኬክሮስ ስላላት፣ 10 ዲግሪ በ5 ሴንቲ ሜትር ቢወከል ወደ ጎን 36፣ ወደ ላይ 18፣ በድምሩ 648 ካሬዎች ይገኛሉ። 54 ተማሪዎች ላሉት ክፍል ለእያንዳንዱ 12 ካሬ ይደርሳል። ተማሪዎቹ የትምህርት ቤቱን አትላስ እያዩ በኬክሮስና በኬንትሮስ መስመሮች መካከል ያለውን የባሕር ዳርቻ በየካሬያቸው ያስገባሉ።

በዚህ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይከሠታሉ። አንደኛ፣ በአትላሱ ላይ ጎኑ የጎበጠ ወይም ወደ ላይ የጠበበ ቅርጽ በወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ ካሬ ይሆናል፤ በውስጡ ያለው የብስም አብሮ ይለጠጣል። ሉሉን ወደ ጠፍጣፋ ገጽ የማዛወሪያ ስልት፣ ማለትም ፕሮጀክሽን፣ ምን እንደሚያደርግ ልጁ በእጁ ሥራ ያያል። ሁለተኛ፣ ከአንዱ ካሬ በ3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የወጣ መስመር ወደ ጎረቤቱ ካሬ በዚያው ከፍታ መግባት አለበት። ካልገባ ሁለቱ ልጆች አትላሱን እንደገና ማንበብ ግድ ይሆንባቸዋል። ሦስተኛ፣ ዕጣው ውኃ ብቻ የደረሰው ልጅ ምንም የሚስለው እንዳጣ ያማርራል። መምህሩ የምድር ገጽ 71 በመቶ ያህል በውኃ የተሸፈነ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አያገኝም።

ኢትዮጵያ በዚህ ንድፍ ልዩ ቦታ ይዛለች። ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ስለምትዘረጋ፣ 10 ዲግሪ ሰሜንና 40 ዲግሪ ምሥራቅ የሚገናኙበት ነጥብ ከደብረ ብርሃን ሰሜን ምሥራቅ በውስጧ ያርፋል። በመሆኑም አገሪቱ በአራት ካሬዎች ትካፈላለች። የአራቱ ካሬዎች ባለቤቶች የተለያዩ ልጆች እንዲሆኑ ቢደረግ፣ ማንም ብቻውን ኢትዮጵያን ሊስል አይችልም፤ አራቱ በየጠርዛቸው መስማማት ይኖርባቸዋል።

ጉርድ ሾላ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅና ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን ባለው ካሬ ውስጥ፣ ከግራው ጠርዝ 4.4፣ ከታችኛው ጠርዝ 4.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። በዚህ ካርታ 1 ሴንቲ ሜትር በምድር ወገብ አካባቢ 223 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚወክል፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የባቡር መስመር ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ የእርሳስ ጫፍ ይሸፍነዋል። ልጁ በየቀኑ የሚያውቀው መንገድ በነጥብ ውስጥ ሲጠፋ መስፈርት የሚባለው ነገር ይገባዋል። ካርታ አንዱን ለማሳየት ሌላውን መተው እንዳለበትም ይረዳል።

5. በሥዕሉ ውስጥ የሚገለጡ ውሳኔዎች

መሐል። በወረቀታችን መሐል ያለፈው የግሪንዊች መስመር ነው። ይህ የተፈጥሮ ግዴታ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1884 በዋሽንግተን በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የተወሰነ ስምምነት ነው። ወረቀቶቹ ሦስት በመሆናቸው የግራውን ነቅሎ በቀኝ ጫፍ መግጠም ይቻላል። ምንም አዲስ መስመር ሳይሳል መሐሉ ወደ ምሥራቅ እስያ ይዛወራል፤ አፍሪካም ወደ ግራ ዳር ትሄዳለች። የእኛም ታሪክ ለዚህ ምሳሌ አለው። በጥንታውያን የብራና መጻሕፍት አክሱምን በመሐል፣ የትግራይን አውራጃዎች በዙሪያ የሚያሳይ ክብ ሥዕል ይገኛል። በአሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በቬኒስ ታላቅ የዓለም ካርታ የሠራው መነኵሴ ፍራ ማውሮ ደግሞ ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ ነበር የሳለው። ስለ ኢትዮጵያ ያሰፈረውንም የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ካህናት በእጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በዚያው ካርታ ላይ ጽፏል። ስለዚህ ኢትዮጵያውያን በዓለም ካርታ ታሪክ የተሳሉ ብቻ ሳይሆኑ የሳሉም ናቸው።

ስፋት። በወረቀቱ ላይ ካሬዎቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ በምድር ላይ ግን አይደሉም። ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ያለው ካሬ 1.23 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ከ30 እስከ 40 ያለው 1.01 ሚሊዮን፣ ከ60 እስከ 70 ያለው 0.52 ሚሊዮን፣ ከ80 እስከ 90 ያለው ደግሞ 0.11 ሚሊዮን ገደማ ነው። ተማሪዎች አፍሪካና ግሪንላንድ የሸፈኗቸውን ካሬዎች ቢቆጥሩ አፍሪካ ከ4 እስከ 5 ጊዜ የምትበልጥ ትመስላለች። የየረድፉን ስፋት አባዝተው ሲደምሩ ግን ወደ 14 ጊዜው ይቀርባሉ። የራሳቸው ካርታ መርካተርን ባይሆንም እንደሚያዛባ፣ የሚያዛባውንም በቁጥር ማረም እንደሚቻል በዚህ ያያሉ። ተማሪዎቹ የሚኖሩበት ረድፍ ከሁሉ የሚሰፉት ካሬዎች ያሉበት መሆኑም ሳይስተዋል አያልፍም።

ወሰን። የባሕር ዳርቻን የሚስል ልጅ አትላሱን አይቶ ይከተላል፤ የአገር ድንበርን ሲስል ግን የየትኛውን ዓመት አትላስ እንደያዘ ማወቅ አለበት። ከ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1993) በፊት በታተመ አትላስ የቀይ ባሕር ዳርቻ የኢትዮጵያ አካል ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ2011 በፊት በታተመውም ደቡብ ሱዳን የለችም። በዛሬው ካርታ ድንበሩ ከባሕሩ የሚርቀው በአንዳንድ ቦታ በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። መምህሩ እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት አይጠበቅበትም። ወላጆች በትምህርት ቤት የሳሉት ካርታና ልጆቻቸው የሚስሉት ለምን እንደሚለያይ መጠየቁ ድንበር ጊዜ ያለው ነገር መሆኑን ለማስተማር ይበቃል።

ጉርብትና። ነጥቦቹ በቦታቸው ሲቀመጡ ያልተጠበቁ ዝምድናዎች ይታያሉ። ከአዲስ አበባ ነጥብ በአግድም መስመር ወደ ግራ 15.6 ሴንቲ ሜትር ላይ አቡጃ፣ 59 ሴንቲ ሜትር ላይ ፓናማ ሲቲ ይገኛሉ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ 23 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲኬድ ሞስኮ ትገኛለች፤ ምሩፅ የሮጠባት ከተማ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ የሆነበት ምክንያትም እዚህ ላይ ይብራራል። አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በካርታው ላይ በማስመሪያ የሚያገናኘው መስመር በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ ላይ ያልፋል። በሉል ላይ ግን ክር ጠበቅ አድርጎ በሁለቱ መካከል የሚወጥር ልጅ ክሩ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ ሲያልፍ ያገኘዋል። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን አጭሩን መንገድ ለመከተል ለምን ወደ ሰሜን ማዘንበል እንዳለበት ለማስረዳት ሌላ ገለጻ አያስፈልግም።

6. ገደቦች

በተግባሩ ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። ካሬዎቹን መሥራት፣ መሳል፣ መግጠምና መወያየት ከአምስት ወይም ከስድስት ክፍለ ጊዜ ባነሰ አይጠናቀቅም፤ መምህሩም የሚጨርሰው መጽሐፍ አለው። ፈተናው የሚጠይቀው የዋና ከተሞችን ስም ብቻ ከሆነ፣ ቃል በቃል ማጥናት ፈጣን መንገድ መሆኑ አይካድም። ይህ ተግባር ተመራጭ የሚሆነው ኬክሮስና ኬንትሮስን፣ መስፈርትን፣ አቅጣጫንና የስፋት ንጽጽርን በአንድነት የሚተካ ሆኖ ሲታቀድ ነው፤ እነዚህ በተናጠል ሲማሩም የየራሳቸውን ክፍለ ጊዜ ይወስዳሉ።

ሁለተኛው የሥዕል ችሎታ ነው። ምዘናው በውበት ላይ ከተመሠረተ ተግባሩ ጎበዝ ሠዓሊዎችን ብቻ ይጠቅማል። ስለዚህ ሊመዘን የሚገባው መስመሮቹ በጠርዝ መግጠማቸው፣ የተሰጠ ነጥብ በቦታው መዋሉና ተማሪው ካርታው የሚያዛባውን አንድ ነገር ማስረዳት መቻሉ ነው። ማየት ለሚሳናቸው ተማሪዎች የባሕር ዳርቻውን በገመድ፣ ነጥቦቹን በጭቃ ወይም በአዝራር ማውጣት ይቻላል።

ሦስተኛው ይበልጥ መሠረታዊ ነው። ካሬ በካሬ የሚሠራ ልጅ ክፍሉን አይቶ ሙሉውን ሊስት ይችላል። ይህን ለመከላከል ከተግባሩ በፊትና በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ምንም ሳያይ በግማሽ ገጽ ላይ የዓለምን ካርታ ከአእምሮው እንዲስል ማድረግ ይገባል። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለመምህሩ ከየትኛውም የምርጫ ጥያቄ የበለጠ መረጃ ይሰጡታል።

7. ማጠቃለያ

የዓለምን ካርታ የሚስል ልጅ የአገር ስም መማሩ አይቀርም፤ ስሙን ግን በሌላም መንገድ ሊያገኘው ይችላል። በመሳል ብቻ የሚያገኘው፣ መሐሉን፣ ላይና ታቹን፣ ስፋቱንና ወሰኑን የወሰነ ሰው መኖሩን ማወቅ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የደገፈው ለውጥ ወደ መማሪያ ክፍሎች ሲደርስ፣ አዲሱን ካርታ ከመስቀል ጋር ልጆች ሁለቱን ካርታዎች የሚያነጻጽሩበትና የራሳቸውን የሚሠሩበት ጊዜ ቢመደብ ለውጡ ከግድግዳ አልፎ ወደ ልጆቹ አስተሳሰብ ሊደርስ ይችላል።

ይህ መከራከሪያ በተግባር ሊፈተን የሚገባው ነው። በአዲስ አበባ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሦስት ከፍሎ አንደኛው ቡድን የታተመ ካርታ እንዲያጠና፣ ሁለተኛው እንዲገለብጥ፣ ሦስተኛው በካሬ እንዲስል ማድረግ ይቻላል። ከዚያም ሦስቱም ቡድኖች ከአእምሮ የሳሉትን ካርታና ላላዩት አዲስ ካርታ የሚያነሧቸውን ጥያቄዎች ከአንድ ወር በኋላ ማወዳደር ይገባል። የስም ትውስታ በሦስቱ መካከል ባይለያይ እንኳ፣ አዲሱን ካርታ «ይህ መሐል የተመረጠው ለምንድን ነው?» ብለው የሚጠይቁት ከየትኛው ቡድን እንደሚበዙ ማወቁ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ለመምህራን አሠልጣኞችም ይጠቅማል።